የደሴቲቱ ኃይል፤ ስሪላንካና እያደገ የሄደው የኤሌክትሪክ ፍላጎቷ



እ.ኤ.አ. በ1918 ዲ. ጄ. ዊማላሱሬንድራ የተባሉ የሲሎን መሐንዲስ በአገራቸው መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ቀርበው፣ በደጋው የሚወርዱት ወንዞች ለደሴቲቱ ኤሌክትሪክ ሊያመነጩ እንደሚችሉ የሚያስረዳ ጥናት አሰሙ። የቅኝ ገዥው መንግሥት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የላክሳፓና ማመንጫ ሥራ የጀመረው ከ32 ዓመታት በኋላ፣ በ1950 ነበር። (በማኅበር መጽሔት ታትሞ መቅረት የዚያ ጥናት ዕጣ ብቻ አይደለም።)

ዛሬ ስሪላንካ የምትባለው ደሴት ከዚያ ወዲህ ለአርባ ዓመታት ያህል በዋነኛነት በውኃ ኃይል ኖረች። በማሃዌሊ ወንዝ ላይ የተሠራው የቪክቶሪያ ግድብ ለብቻው 210 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ መብራት ወደየመንደሩ በገባ ቁጥር ፍላጎቱ ከግድቦቹ አቅም በላይ ሆነ፤ በ1996 ዝናብ ሲጠፋም ሕዝቡ መብራት በፈረቃ ለማግኘት ተገደደ።

ከዚህም የተነሣ በምዕራቡ ጠረፍ፣ ኖሮቾላይ በተባለ ስፍራ፣ 900 ሜጋ ዋት የሚሰጥ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ተተከለ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ2011፣ የቀሩት ሁለቱ በ2014 ሥራ ጀመሩ። የሚያስገርመው ግን ከግንቦት እስከ መስከረም የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በደጋው ግድቦቹን ሲሞላ፣ በጠረፉ ባሕሩን ስለሚያናውጥ ከሰል ከመርከብ ማራገፍ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ የእነዚያ ወራት ከሰል አስቀድሞ ተገዝቶ መከመር አለበት፤ ለመግዣውም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። በ2022 ምንዛሪው ሲነጥፍ፣ ለነዳጅ ማመንጫዎቹም ነዳጅ ታጣ፤ በመጋቢት ወር መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት ይቋረጥ ነበር።

ጣራ ላይ የተተከሉት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ከዚህ ጥገኝነት ያወጣሉ የሚል ተስፋ አለ። ተስፋው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ከፍተኛው ፍላጎት የሚታየው ከምሽት በኋላ፣ ቤተሰብ ሁሉ መብራት ሲያበራ ነው። እሑድ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ከቀትር በፊት በፓናዱራ ማከፋፈያ ጣቢያ በደረሰ ብልሽት (ባለሥልጣናቱ መንሥኤው ጦጣ ነው ብለዋል) ደሴቲቱ በሙሉ ጨለመች። የፍጆታው መጠን ዝቅተኛ፣ የፀሐዩ ድርሻ ከፍተኛ ስለ ነበር፣ ድንገተኛውን መናወጥ የሚሸከሙት ከባድ ተሽከርካሪ ማመንጫዎች በቂ አልነበሩም። ከጎረቤት አገር ኃይል የሚያመጣ መስመርም የላትም።

እንግዲህ የስሪላንካ ችግር ከብዛት ይልቅ የጊዜ ነው። ቀን በፀሐይ ኃይል ውኃ ወደ ላይ ስቦ፣ ማታ ቁልቁል ለቆ የሚያመነጭ 600 ሜጋ ዋት ጣቢያ በማሃ ኦያ ታቅዷል። እስኪሠራ ድረስ የምሽቱን ጭነት የሚሸከሙት በአመዛኙ ግድቦቹ፣ ከሰሉና ከውጭ የሚገዛው ነዳጅ ናቸው።