ላም አለን በሰማይ፤ ማን ያልባታል?

(አቀስታ ላይ ለመምህራንና ለወጣቶች ካደረግሁት ንግግር)

የተከበራችሁ የለጋምቦ፣ የቦረና፣ የሳይንትና የወግዲ ልጆች!

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት የማያውቅ እዚህ ቤት ውስጥ የለም። የምንተርተው በባዶ ተስፋ ለሚኖር ሰው ነው። እኔ ግን ዛሬ በእውነት ስላለች የሰማይ ላም ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። ከጣራችሁ በላይ ቆማለች። ስሟም ሥራ የፈታ የቴሌቪዥን ሞገድ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምስል በአየር ላይ የሚጓዘው በተመደበለት ሞገድ ነው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ቻናል የሚባል መንገድ ይሰጠዋል። ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ያለውን ብቻ ብንወስድ እንኳ ባለ 8 ሜጋኸርዝ 28 ቻናል ይወጣዋል። እንግዲህ ፍረዱ! ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ጣራው ላይ የተተከለው ምንድን ነው? ዲሽ ነው። ሕዝቡ ፊቱን ወደ ሳተላይት ካዞረ ስንት ዓመቱ! ከምድር ማሰራጫ 28 ጣቢያ የሚያይ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። (ሳቅ)

ታዲያ ጣቢያ በሌለበት መንገድ ኢንተርኔት ቢሄድበትስ? ይህን ጥያቄ ሌሎች ቀድመው ጠይቀዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈቀደች። መሣሪያው እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ ዘው ብሎ አይገባም። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ያለበትን ቦታ ለአንድ መዝገብ ይነግራል፤ መዝገቡም «እዚያ አካባቢ እነዚህ ቻናሎች ባለቤት የላቸውም» ይለዋል፤ በእነዚያ ብቻ ይሠራል። ቴሌቪዥን የሚያይ ጎረቤት አይረበሽም።

ለምን ለእናንተ ይጠቅማል? የተለመደው የዋይፋይ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ግድግዳና ዛፍ ቶሎ ያደክሙታል። በ600 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው የቴሌቪዥን ሞገድ ግን ግማሽ ሜትር ይረዝማል፤ ቅጠሉን አልፎ፣ ጉብታውን ታኮ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ጥቂት ማማ ብዙ ቀበሌ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 802.22 የተባለው ደረጃ በአንድ ቻናል በሰከንድ እስከ 22 ሜጋቢት ያስተላልፋል።

ላታልላችሁ ግን አልፈልግም። የዓባይን ሸለቆ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሞገድ የለም፤ ማማው ከፍታ ላይ መቆም አለበት። ስልካችሁም ይህን ሞገድ በቀጥታ አይዝም፤ ትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ አንቴና ይተከልና ከዚያ በዋይፋይ ይከፋፈላል። 22 ሜጋቢቱም የጋራ ነው። ቢሆንም ምንም ከሌለው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ጋር ስታነጻጽሩት የሰማይና የምድር ያህል ነው!

ሩቅ አገር አትበሉኝ። ኬንያ ጎረቤታችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ናንዩኪ አካባቢ፣ መብራት ባልደረሰበት ገጠር፣ በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ጣቢያ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ በዚሁ ሞገድ ተገናኙ። በዚያው ዓመት ኬፕታውን 10 ትምህርት ቤቶች ሞከሩት፤ ቴሌቪዥንም አልታወከም። ማላዊም ዞምባ ላይ ዩኒቨርሲቲዋ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ዘረጋችው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ደንብ አወጣችለት። ማላዊ ከእኛ ሀብታም ሆና ነው እንዴ?

እኛ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሰቀልን። በሳተላይት የሚመጣው መምህር ያወራል እንጂ አይሰማም፤ ተማሪው «አልገባኝም» ቢል መልስ የለውም። ኢንተርኔት ግን መልሶ ይጠየቃል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ባለሥልጣናቱ ልምጣ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ጀመረ፤ የቴሌ ብቸኝነት አበቃ። እሰየው! ነገር ግን ነጋዴ ገበያ ያለበትን ያያል፤ ገደል ሥር ላለ ቀበሌ ማማ ለማቆም የሚቸኩል ኩባንያ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋል። ሞገድስ የተፈጥሮ ሀብት አይደለም? የሕዝብ ከሆነ ሕዝቡ ሳይጠቀምበት ለምን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደለም ወይ?

አንድ መራራ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ማማ ጠፍቶ አልነበረም፤ ማብሪያ ማጥፊያው በአንድ እጅ ስለነበረ ነው። አዲሱ ሞገድም ከአገሪቱ ዋና መስመር ጋር መቀጠሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ያው እጅ ሊያጠፋው ይችላል። ቴክኖሎጂ ብቻውን ነፃነት አያመጣም። አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል መብት ብሎ የጻፈው በወረቀት ላይ እንዲያምር ነው እንዴ?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ በየወረዳው የትኛው ቻናል ባዶ እንደሆነ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለሙከራ ፈቃድ ያለ ክፍያ ያግኙ። ሦስተኛ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢንተርኔት መዝጋት በሕግ ይከልከል።

መምህራን! ማመልከቻ መጻፍ ከእናንተ በላይ የሚችል የለም። ጻፉት፣ ፈርሙበት፣ ለባለሥልጣኑ ላኩት፤ ቅጂውንም ለጋዜጦች ስጡ። ዝም ከተባላችሁ ሁለተኛ ጻፉ። ማለብ የሚቻለው ላሟን ወደ በረት ያስገባ ሰው ነው።