ልጆቻችን ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ

በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሕፃናት አይደለም። ስለ ሕፃናት በዋግ ብዙ ተብሏል፤ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማችን ስም ይጠራል። ደስ ይለናል። ዛሬ ያነሳናቸው ግን አካል ጉዳት ኖሮባቸው ያደጉትን፣ አሁን ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱትን ልጆቻችንን ነው። ሕፃን ሳሉ ያያቸው ሁሉ «ሲያሳዝኑ» ብሎ ዳቦ ይገዛላቸው ነበር። ጢም ሲያወጡ የሚያዝንላቸው ይቀንሳል፣ የሚሸሻቸው ይበዛል። ትምህርት ቤት የነበሩትም አንድ ቀን ያቋርጡና ከምድጃ ዳር ይቀመጣሉ።

ለቁጠባ ስንሰበሰብ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ ከመካከላችን አንዷ የምታነሳው ጥያቄ አለ፤ «እኔ ስሞት ይህ ልጅ በማን እጅ ይወድቃል?» መልሱ ብዙ ጊዜ «እግዚአብሔር ያውቃል» ወይም «እህቱ አለችለት» ነው። እግዚአብሔር ማወቁን አንጠራጠርም። እህቱ ግን አግብታ ሌላ ቀበሌ ትሄዳለች፣ የራሷን ልጆች ትወልዳለች። ደግሞስ እሷን ማን ጠየቃት? እኛ የምንለው፣ አንዲት ደግ ዘመድ ማግኘት ብቻውን መልስ አይሆንም። ልጁ ከአሥራ አራት እስከ ሃያ ዓመቱ ባለው ጊዜ በስሙ ወረቀት፣ በእጁ ሥራ፣ ከቤቱ ውጭም የሚያውቁት ሰዎች እንዲኖሩት ማድረግ አለብን። ከዚያ በኋላ ዘመድ ቢገኝ እሰየው።

ከወረቀቱ እንጀምር፤ ቀላል የሚመስለው እሱ ስለሆነ ነው የሚዘነጋው። በሕጋችን ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ለአካለ መጠን ደረሰ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና አባት በሕግ ሞግዚትና አሳዳሪ መሆናቸው ያበቃል። ልጁ መናገር ባይችልም፣ በእግሩ ባይሄድም ዕድሜው እንደ ማንኛውም ሰው ይቆጠራል። ብዙ እናቶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ «ታዲያ ማን ይፈርምለታል?» ይላሉ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ራሱ መፈረም ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። መጻፍ የማይችል በጣት አሻራው ይፈርማል፤ ከእኛም ብዙዎቻችን በጣታችን ፈርመን አይደል እንዴ ብድር የወሰድነው! ለመረዳት ጊዜ የሚፈልግ ልጅ፣ የሚያምነው ሰው ጉዳዩን በኽምጣናም በአማርኛም ቀስ ብሎ ቢያስረዳው ይረዳል። ፍርድ ቤት ሄዶ አንድን ሰው «በፍርድ የተከለከለ» የማስባል መንገድም አለ። ለጥቂት ቤተሰብ የግድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ንብረቱን የማዘዝና የመዋዋል መብቱን ከእጁ የሚያወጣ ውሳኔ ስለሆነ፣ ዘመድ ሲመክር ሰምታችሁ ብቻ እንዳትሮጡ እንለምናችኋለን። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም አካል ጉዳተኛ ከሌላው ሰው እኩል በሕግ ፊት ሰው መሆኑን፣ መወሰን ሲያቅተው ደግሞ እርዳታ ማግኘት እንዳለበት ይናገራል።

ስለዚህ አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ የቀበሌ መታወቂያ ያውጣ፤ ለፋይዳም ይመዝገብ። «የት ሊሄድበት ነው?» የምትሉ አትጠፉም። መታወቂያ የሌለው ሰው የቁጠባ ደብተር መክፈት አይችልም፣ ከአባቱ የደረሰውን መሬት በስሙ ማስመዝገብም ይቸገራል። መሬት ካነሳን ዘንድ፣ አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ለዚህ ልጅ ምን እንደሚሰጠው ይነጋገሩ፤ የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤትም ይጠይቁ። ከቀብር በኋላ ወንድማማቾች ሲካፈሉ ቤት የዋለው ልጅ ድርሻ «እኔ አርስለታለሁ» በሚለው እጅ ገብቶ እንደሚቀር ሁላችንም አይተናል። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለሆነ ለትልልቆቹ ልጆቻችን የዕድሜ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ በእጃችሁ ካለ አይጣል።

ሴፍቲኔትም ከዚሁ ጋር ይነሳል። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር እንደተነገረን፣ የሚሠራ ጉልበት ያለው ቤተሰብ በማህበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ ጉልበት የሌለው ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ካለ፣ መዝጋቢው ከውጭ ሲያየው ሙሉ ጉልበት ሊመስለው ይችላል። ለብቻው የማይተው ልጅ ያላት እናትም ራሷ ግማሽ ጉልበቷ ቤት ነው የታሰረው። ይህን በምዝገባው ቀን፣ በኮሚቴው ፊት፣ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ አንዷ ስትናገር ሌሎቻችን ከኋላዋ እንቁም።

አሁን ወደ ሥራ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ፣ ቁጥር 568፣ ጥሩ አዋጅ ነው። ለሥራው የሚፈለገውን ችሎታ ያሟላ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያገኘ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። አድልዎ ተደርጎብኛል ብሎ ሲከስም አላዳላሁም ብሎ ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቁ ልጆች ያሏችሁ ይህን ቁጥር አስይዟቸው፤ ማስታወቂያ ሲወጣ ይጥቀሱት።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በዋግ ስንት የሚቀጥር ቤት አለ? አብዛኛው ልጃችን የሚኖረው እኛ በምንኖርበት ሥራ ነው፤ በፍየል፣ በማር፣ በፈትል፣ በጠላ። እዚህ ላይ ነው የእኛ ዕውቀት ከማንም የሚበልጠው። እግሩን የሚያመው ልጅ ዛፍ ላይ የሚሰቀል ቀፎ አይሆንለትም፤ ጓሮ ውስጥ በመደብ ላይ የሚቀመጥ ቀፎ ግን ያዋጣዋል። ዐይነ ስውሯ እህታችን በእንዝርት ስትፈትል ክሩ መቅጠኑን በጣቷ ታውቀዋለች። መስማት የተሳነው ልጅ ልብስ ስፌትና እንጨት ሥራ አይቶ ይማራል፤ ከሁሉ በፊት ግን የምልክት ቋንቋ ሊማር ይገባዋል፤ ከእናቱ ጋር በእጅ የፈጠሩት ምልክት ከግቢው በር አያልፍምና። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ደግሞ «ጠላ ጥመቅ» ብንለው ግራ ይገባዋል። ጋን ማጠብ ለብቻ፣ ማጠን ለብቻ፣ ጌሾ መውቀጥ ለብቻ ተደርጎ፣ አንዱን እስኪለምደው ሌላው ሳይጨመር ቢያዝ ግን ይሠራል። ይህ ወራት ይፈጃል። እናት ብቻዋን ስታደርገው ትሰለቻለች፤ ጎረቤት ቢያግዛት ይቀላል፤ ልጁም የሰው ቤት ገብቶ መሥራት ይለምዳል።

የሠራበትን ገንዘብም በእጁ ስጡት። ሃምሳ ብር ቢሆንም ገበያ ወጥቶ ይግዛበት፤ ይታለል እንኳ። እኛስ ሳንታለል ነው ገበያ የለመድነው?

ስለ ሴቶች ልጆቻችን ትንሽ ረዘም እንበል። ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ እኩዮቿ ሻደዩን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተኩለው ሲወጡ፣ እሷ በበር ቀዳዳ የምታይ ልጅ አለች። እናቷ የምትፈራው እንዳይስቁባት ነው። ፍርሃቷ ይገባናል። ግን ሻደይ የልጃገረድ ወግ ነው፤ ወጉ የተነፈጋት ልጅ ሠላሳ ዓመት ቢሞላት በመንደሩ ዓይን ልጅ ናት። ከበሮ መምታት እግር አይጠይቅም። ጓደኞቿ መሐል ተቀምጣ ትምታ። የወር አበባ ምን እንደሆነ፣ ሰውነቷን ማን ሊነካው እንደማይገባ እንደ ሌሎቹ በግልጽ ይነገራት፤ መናገር የማትችለዋን ደግሞ በሥዕልና በምልክት እናሳያት። ቤት የምትቀር፣ የማትናገር ልጅ መሆኗን የሚያውቅ ክፉ ሰው አለና። አያድርገውና ጥቃት ቢደርስባት ሰውነቷን ሳታጥቡ፣ ለሽማግሌ ሳትነግሩ፣ በመጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ከዚያ ወደ ፖሊስ። በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ከወሎ ምድር፣ ከአማራ ሳይንት፣ በአምስት ዓመቷ ዐይኗ የጠፋ አንዲት ልጅ ነበረች። በአካባቢዋ ልጃገረዶች ገና በልጅነታቸው ይዳሩ ስለነበር ዐይነ ስውርነቷ ከዚያ እንዳዳናት ራሷ ትናገራለች። ሻሸመኔ ዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ ይትነበርሽ ንጉሤ ናት። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ሁሉም ልጅ ይትነበርሽ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ታሪኳን የምናነሳው፣ እሷንም መጀመሪያ ከቤት አውጥቶ ትምህርት ቤት ያደረሳት ሰው ስለነበረ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት የሌሎች እናቶችን ልጆችም ሰብስበው ጆይ ማዕከልን ከፈቱ። የጀመሩት እንደ እናት ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር እንበል፤ ቅር እንዳትሰኙ። ዊልቸር ስታመጡልን እናመሰግናለን። ነገር ግን የሰቆጣን ዳገትና ድንጋይ ታውቁታላችሁ፤ ጎማው የሚለወጥ፣ ከተማችን ያለ ብየዳ ቤት የሚጠግነው ቢሆን ይሻለናል። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራው ደሴ አካል ተሃድሶ ማዕከል ነው፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ በየዓመቱ ግድም እግሩ ሊለወጥለት ይገባል። አንድ ጊዜ ተወስዶ የቀረ ልጅ በሁለት ዓመቱ እግሩን ጥሎ ወደ ምርኩዙ ይመለሳል። ስለዚህ ለአሥር ልጆች የአንድ ጊዜ ጉዞ ከምትሰጡን፣ ለአራት ልጆች አድገው እስኪጨርሱ የመጓጓዣና የማደሪያ ብትችሉልን እንመርጣለን። ለፎቶ ግራፍ አይመችም ይሆናል።

ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አካባቢያችን ሲደርስ፣ መሄድ የማይችል ልጅ ያላት እናት ሰው ሲሸሽ በሯን ዘግታ ቀርታለች። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ማን መሸከም እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሸክሙ ይከፋፈል ነበር። በየቀበሌው ሁለት ሁለት አባላት እየዞሩ እነዚህን ቤቶች እንዲያውቁ የምንጠይቀው ለዚህም ጭምር ነው። ሲዞሩ እህትና ወንድሞቹንም ያነጋግሩ፤ ወደፊት ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉና እንደማይችሉ ከእነሱ አፍ ይስሙ።

ዛሬ ለጉባኤው የምናቀርበው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው አካል ጉዳተኛ ልጅ እስከ አሁን በእናቱ ደብተር ውስጥ «ጥገኛ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከእንግዲህ ሴቷ በራሷ ስም አባል ትሁን፣ የራሷን ደብተር ትያዝ፣ የምትችለውን ትቆጥብ፣ በምርጫም እጇን ታውጣ። ወንዶቹ፣ ማህበሩ የሴቶች ስለሆነ አባል መሆን ባይችሉም፣ ቁጠባቸው በራሳቸው ስም ይያዝላቸው። «እናትየው ብትሞት ብሩስ?» ለሚለው ጥያቄ ይህ መልስ አለው፤ ብሩ የልጁ ነው፣ ከውርስ ክፍፍል አይገባም።

ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። ቅጹ በጸሐፊያችን እጅ አለ። ሐሳቡ ከጸደቀ በመጪው ሳምንት ምዝገባ ይጀመራል፤ የዕድሜ ማስረጃ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ልጆቹንም ይዛችኋቸው ኑ። ማስረጃ የሌላችሁም ኑ፤ ቀበሌ አብረን እንሄዳለን።