ያለ አስታማሚ ማገገም
ከከባድ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብቻውን ስለሚኖር ሕመምተኛ ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር



በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ወደ መኝታ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአልጋው ላይ ሕመምተኛው ይተኛል፤ በአልጋው ግርጌ አስታማሚው ይቀመጣል። አስታማሚው ሹመት የለውም፤ ደመወዝም አይታሰብለትም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ገዝቶ የሚያመጣው፣ የደሙን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ በሌሊት ነርስ የሚጠራው፣ ሐኪሙ የተናገረውንም ሰምቶ የሚያስታውሰው እርሱ ነው። አስታማሚ መኖሩ አስቀድሞ ስለሚታሰብ የሕክምናው ሥርዓት ከፊሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ቆሟል። የዚህ ንግግር ጉዳይ አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ነው፤ ከእነዚህም መካከል በተለይ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት።

መንጋጋ ተለይቶ የተነሣበት ምክንያት አለ። እግሩን የታከመ ሰው ብቻውን ቢሆንም እንኳ አፍ አለው፤ ይጣራል፣ ይለምናል፣ ያገኘውን ይበላል። መንጋጋው የታሰረ ሰው ግን የሚበላበትም የሚጣራበትም አንዱ አካል ነውና ሁለቱን በአንድ ቀን ያጣል። ችግሩን ለሰው የሚያስታውቅበት አካል ራሱ ታሟል።

የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና መነሻው ልዩ ልዩ ነው። በመኪና አደጋ፣ ከፍ ካለ ቦታ በመውደቅ ወይም በጠብ በተሰነዘረ ዱላ የተሰበረ መንጋጋ ይጠገናል። አሜሎብላስቶማ የተባለው፣ ጥርስን ከሚሠሩ ሕዋሳት የሚነሣው እባጭ ቀስ በቀስ አድጎ አጥንቱን ሲበላ የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ሲፈጠር የተዛባ መንጋጋም ተሰንጥቆ ወደ ቦታው ይመለሳል። አሜሪካዊው ቶማስ ጊልመር እ.ኤ.አ. በ1887 የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ በሽቦ አያይዞ ስብራትን የማዳንን ዘዴ ካስረዳ ወዲህ ዘዴው ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። በፈረንሳይ ማክሲም ሻምፒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት በትናንሽ ብረቶችና ብሎኖች መጠገን እንዲስፋፋ ስለ ረዳ፣ ብዙ ሕመምተኞች አፋቸው ሳይታሰር ወይም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ታስሮ ለመዳን በቅተዋል። ሆኖም ብረቱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስብራቱም ሁልጊዜ ለብረት አይመችም። ስለዚህ ጥርሳቸው በሽቦ ታስሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚቆዩ ሕመምተኞች ዛሬም አሉ። ብረት የገባለትም ቢሆን ለሳምንታት የሚታኘክ ምግብ ይከለከላል።

እንግዲህ አንድ የቀን ሠራተኛ በዓይነ ኅሊና ይታይ። ከትውልድ ቀዬው ርቆ አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ክፍል ብቻውን ይኖራል። ከሕንፃ መወጣጫ ወድቆ የታችኛው መንጋጋው በሁለት ቦታ ተሰብሯል። «አስታማሚህ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የአንድ ጎረቤቱን ስም ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ግን ስለ ነገሩ የሚያውቀው የለም። ሠራተኛው ይህን የሚያደርገው ለማታለል ፈልጎ አይደለም። «ማንም የለኝም» ቢል ተራው እንዳያልፈው ይፈራል፤ ሰው የሌለው መባልም ያሳፍረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ነገር ግን እንዲደብቅ ያደረገው የጥያቄው አቀራረብ ከሆነ ጥፋቱ የሕመምተኛው ብቻ አይሆንም። «ከዚህ ሲወጡ ማታ ከእርስዎ ጋር የሚያድር አለ? ምግብ የሚያበስሉበት ምንድን ነው? በሦስተኛው ቀን በርዎን የሚያንኳኳ ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ እውነቱን ለመናገር አይቸገርም። እውነቱ ከታወቀም በኋላ ብቸኝነት ሕክምናውን የሚያስቀር ሳይሆን የዝግጅቱን ዓይነት የሚለውጥ ነገር ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።

ዝግጅቱ ሁሉ የሚፈጸመው አፍ ሳይታሰር ነው። ለመጠየቅ፣ ለመከራከርና ለመለመን የሚቻለው ያን ጊዜ ነውና። የበሶው ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፤ የአጥሚቱ ዱቄት ይዘጋጃል። ፔርሙዝ፣ ጥሩ ማጥለያ፣ መርፌ የሌለው ትልቅ ስሪንጅ፣ ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ፣ ጨውና የእጅ መስታወት ይገዛሉ። ክኒን መዋጥ ስለማይቻል መድኃኒቱ በፈሳሽ መልክ ይታዘዛል፤ ሁሉም ክኒን ተፈጭቶ የሚወሰድ ስላልሆነ ፋርማሲስቱ አስቀድሞ ይጠየቃል። የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ለአንድ ጎረቤት ይሰጣል። ይህ ሁሉ አንድ ቅዳሜ የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ ካለፈ በኋላ ግን በምልክት ቋንቋ ሊሠራ አይችልም። አደጋ ደርሶበት በድንገት የገባ ሕመምተኛ ይህን ጊዜ ስለማያገኝ፣ ከመውጣቱ በፊት ዝግጅቱን የሚያሟላለት ሰው ከክፍሉ ሠራተኞች መካከል ሊመደብለት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከሁሉ ይከብዳሉ። ከሰመመን ከነቃ በኋላ ባሉት 24 ሰዓቶች ማንም ሰው ብቻውን ሊተው አይገባውም። እብጠቱም ከፍ የሚለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ አስታማሚ ላለው ሰው በቂ የሆነው የአልጋ ጊዜ ለብቸኛው ሰው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ቢጨመርበት ቅንጦት አይደለም። በክፍሉ ውስጥ እያለ ከጎን አልጋ ያለች እናት ለልጇ ካመጣችው ሾርባ ለእርሱም ታቀምሰዋለች፤ ይህ በየሆስፒታሉ የሚታይ የሕዝቡ ደግነት ነው። ነገር ግን ያ ደግነት ከሆስፒታሉ በር አልፎ አብሮት አይሄድም።

ቤቱ ሲደርስ ጋቢ ጠቅልሎ ከትራሱ ሥር በማድረግ ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል። ጥርሱ የታሰረ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ማስመለስን ነው። ሆኖም በሆዱ ያለው ፈሳሽ ብቻ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ በጥርሱ መካከልና በአፍንጫው ይወጣል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ፊት ማጎንበስ፣ ጉንጩን በጣቱ ወደ ውጭ መሳብና እስኪያበቃ መታገሥ ይገባዋል። ትንፋሹ ከታገደ ግን ላይኛውንና ታችኛውን ጥርስ የሚያገናኙትን ቋሚ ሽቦዎች ይቆርጣል። መቁረጫው በገመድ ታስሮ ሌት ተቀን አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ በሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። አስታማሚ ያለው ሰው የሚቆርጥለት አለው። ብቻውን ያለው ግን የትኞቹ ሽቦዎች እንደሆኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ በመስታወት ሊያይ፣ በጨለማም ቢሆን በጣቱ ዳብሶ ማግኘትን ሊለማመድ ያስፈልገዋል። የአልኮል መጠጥና ያልታዘዘ የእንቅልፍ መድኃኒት በእነዚያ ሳምንታት ፈጽሞ አይነኩም።

ሁለተኛው ትግል ከረኀብ ጋር ነው። በቀን 3 ጊዜ መብላት የለመደ ሰው በፈሳሽ ምግብ 3 ጊዜ ብቻ ቢመገብ ይከሳል፤ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መውሰድ አለበት። የአጥንት መረቅ ጣዕሙ ቢያጽናናም አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ብቻውን ምግብ አይሆንም። ተቀቅሎ የተፈጨና የተጠለለ ምስር፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ በወተት ውስጥ ተመትቶ በሚገባ የበሰለ እንቁላል፣ በሶ፣ እርጎ፣ የአቮካዶ ጭማቂ አካል ይጠግናሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ ወደ 120 ካሎሪ ገደማ አለውና ከሾርባው ላይ ቢጨመር ለደከመ ሰው ብዙ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ስምንት ጊዜ እሳት ማንደድ ስለማይችል ጠዋትና ማታ አፍልቶ በፔርሙዝ ያኖራል። መክሳቱን የሚነግረው ሌላ ዓይን ስለሌለም በየሳምንቱ ይመዘን፤ በመንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ለዚህ ይበቃሉ። ክብደቱ በወረቀት ተጽፎ በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ ይቅረብ።

የጾም ነገርም ሊታለፍ አይገባውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የታሰረ መንጋጋ ደግሞ እስከ 42 ቀን ይቆያል። ለታመመ ሰው የሚደረገውን ፈቃድ የንስሐ አባቱ ሊነግሩት ስለሚችሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲያማክራቸው ማሳሰብ ይገባል። በዚህም ሁሉ ወተትና እንቁላል አልቀበልም ቢል ክርክር አያሻም። የሱፍ ውሃ፣ ተልባ፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ የምስርና የሽምብራ ሾርባ ከዘይት ጋር ተዘጋጅተው ሊሰጡት ይችላሉ። ለጾመኛ ሕመምተኛ የወተት ዝርዝር ብቻ ጽፎ መስጠት ምንም እንዳልሰጡት ይቆጠራል።

ከምግብ በኋላ ሁሉ አፉን ማጠብ አለበት፤ ቁስሉን የሚያመረቅዘው በሽቦው ሥር የሚቀር ምግብ ነውና። በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። የታችኛው ከንፈር ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። የደነዘዘ ከንፈር ትኩስ ነገር ሲያቃጥለው አያውቅም፤ ምግብ በአገጩ ላይ ቢፈስም አይሰማውም። ስለዚህ የሚጠጣውን በእጁ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጎ ይሞክር፤ በበላ ቁጥርም መስታወቱን ይመልከት። አስታማሚ «አገጭህን ጥረግ» የሚለውን ቃል በዚያ ቤት የሚናገረው መስታወቱ ነው።

የመጣራት ነገር ይቀራል። ስልክ ቢኖረውም መናገር ለማይችል ሰው ስልክ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል። መጻፍ የሚችል መልእክት ይልካል፤ መጻፍ የማይችል ደግሞ በተለምዶ ሚስኮል የሚባለውን ይጠቀም። ጠዋትና ማታ አንድ ጊዜ ቢደወልና ቢዘጋ «ደኅና ነኝ»፣ ሦስት ጊዜ ቢደወል «ድረሱልኝ»፣ በሰዓቱ ምንም ካልተደወለ ደግሞ «መጥታችሁ እዩኝ» ማለት ይሆናል። በዚህ ስምምነት ውስጥ ዋናው ሦስተኛው ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው አይደውልምና። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 የሚጠራለት ይህንኑ ምልክት የሚያውቀው ጎረቤት ይሆናል። የትንፋሽ ማጠር፣ ምራቅ መዋጥ አለመቻል፣ ተጭነው ቢይዙት የማይቆም ደም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከአራተኛው ቀን በኋላ እንደገና የሚጨምር እብጠት፣ መግል፣ የላላ ሽቦ፣ እነዚህ ሁሉ ቀጠሮ አያስጠብቁም።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሕመምተኛው ጎበዝ ስለ ሆነ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሽቦውን በመስታወት የሚያሳየው ነርስ፣ መድኃኒቱን በፈሳሽ የሚያዝለት ሐኪም፣ የአልጋውን ቀን የሚጨምርለት ኃላፊ ያስፈልጉታል። በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካለች፣ ለእርሷ የምትጻፍ አጭር ማስታወሻ አንድ ጉብኝት ታስገኝለታለች። እድርም ቀባሪ ብቻ ሳይሆን ጠያቂ መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ ሊነገረው ይገባል።

በየሆስፒታሉ በሚሞላው ቅጽ ላይ የአስታማሚ ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር አለ። በዚያ መስመር ላይ የማያውቅ ጎረቤት ስም ከሚጻፍ ይልቅ «የለም» የሚለው ቃል ያለ ሀፍረት እንዲጻፍ ማድረግ ይቻላል። ከሥሩም «ስለዚህ ምን ተዘጋጀለት?» የሚል ሌላ መስመር ሊጨመር ይገባል። ያን ሁለተኛ መስመር መሙላት የሕመምተኛው ሳይሆን የባለሙያው ሥራ ነው።