ዝም ያለው ሕፃን እንዳይረሳ፤ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የሚነገር ቃል

ከአንዲት ማሕፀን የወጡ ልጆች ጠባያቸው አንድ እንዳልሆነ በቆጋ አገር ያለች እናት ሁሉ ታውቃለች። አንዱ ቶሎ ይስቃል፤ አንዱ በጥቂቱ ነገር ያለቅሳል፤ አንዱም እንግዳ ሲያይ ከእናቱ ነጠላ ሥር ይሸሸጋል። ይህም ከአያያዝ ብቻ የመጣ ሳይሆን አብሮ የተወለደ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓመት አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በኒው ዮርክ ከተማ የ133 ልጆችን ጠባይ ከሕፃንነታቸው ዠምረው መከታተል ያዙ። ከመቶው 40 ያህሉ ገራም፥ 10 ያህሉ አስቸጋሪ፥ 15 ያህሉ ቀስ ብለው የሚለምዱ፥ የቀሩትም ድብልቅ ሆነው ተገኙ። ልጅን የሚጎዳው ጠባዩ ራሱ ሳይሆን ጠባዩና የአሳዳጊው አያያዝ አለመስማማታቸው መሆኑንም አስተማሩ።

ነገር ግን ገራም ልጅ ሁልጊዜ ዕድለኛ አይደለም። ማርተን ዴ ቭሪስ የሚባል ሐኪም በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፥ በምሥራቅ አፍሪቃ በማሳይ ሕዝብ ዘንድ ድርቅ በሆነ ጊዜ ከ7 ገራም ሕፃናት 5ቱ ሲሞቱ፥ ከ6 አስቸጋሪዎች የሞተው 1 ብቻ መሆኑን ገለጸ። ቍጥሩ ጥቂት ቢሆንም ነገሩ ያሳስባል፤ የሚጮኸው ጡት ያገኛል፥ ዝም ያለው ይረሳልና።

ስለዚህ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር በአጨዳ ወራት ልጇን በዛፍ ጥላ ሥር አስተኝታ የምትሠራ እናት፥ ልጁ ባያለቅስም በየጊዜው ልታጠባው ይገባል። አልቃሹንም ክፉ ነው ብሎ መምታት አይገባም፤ ጩኸቱ ልመና ነውና። መምህርም በክፍሉ ጥግ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ በስሙ ጠርቶ ይጠይቀው፤ ሽማግሌም ይህን በማኅበርና በዕድር ለአባቶችና ለእናቶች ያስረዳ።