ዝናምን በወደቀበት ስለ ማስረግ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሙያችን ሰዎች ስለ ዝናም ውሃ ሲመክሩ ለብዙ ዘመን አንድ ሐሳብ ሲመራቸው ኖሯል፤ ይኸውም ውሃውን በተቻለ ፍጥነት ከቦታው ማራቅ ነው። ቦዩን እናሰፋለን፣ ቱቦውን እናወፍራለን፣ ተዳፋቱን እናስተካክላለን። ውሃው ከግቢው በር ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ግን በንድፋችን ላይ አይታይም። የሚደርሰው ከታች ካለው ሰው ቤት ነው።

ለዚህ አዲስ አበባን የሚያህል ምሳሌ የለም። ከእንጦጦ ራስ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 900 ሜትር ይጠጋል፤ የዓመቱም ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። በ1000 ካሬ ሜትር የመኪና ማቆሚያ ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናም ቢጥል 30 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ስፍራው አስፋልት ከሆነ ከዚህ ውስጥ 27 ሜትር ኩብ ያህሉ ወዲያው ወደ ቦዩ ይወርዳል። በቀበናና በግንፍሌ ዳር የሚኖረው ሕዝብ በክረምት ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው በእንዲህ ያሉ ብዙ ግቢዎች ድምር ነው።

ውሃ አስራጊ ንጣፍ የምንለው አሠራር መነሻው ቀላል ነው። ከላይ ውሃ የሚያሳልፍ ገጽ ይደረጋል፤ ከሥሩ ደቃቅ የሌለበት፣ የታጠበ ጠጠር በውፍረት ይነጠፋል። ውሃው በጠጠሩ መካከል ባለው ክፍተት ይጠራቀምና ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ክፍተቱ ከጠጠሩ መጠን ሲሶ ቢሆን፣ 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ 10 ሳንቲሜትር ውሃ ይይዛል፤ ይህም ቀደም ብዬ ከጠቀስሁት ዝናም ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ነገሩ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊላደልፊያ የፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ውሃ አሳላፊ አስፋልትን አጥንቷል፤ በማሳቹሴትስ በዋልደን ኩሬ አጠገብም በ1977 በዚሁ አሠራር የመኪና ማቆሚያ ተሠርቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝን አስተያየት ላንሣ። «እኛ ጌጠኛ ድንጋይ አለን፤ ውሃም ያሳልፋል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ያሻል?» ይባላል። ጌጠኛ ድንጋይ ከአስፋልት እንደሚሻል አልክድም። ነገር ግን ሥሩን ተመልከቱት። ገረጋንቲው በዳማጭ መኪና እስኪጠጥር ተደልድሏል፤ በላዩ አሸዋ ተነጥፏል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋም ብዙ ሳይቆይ በአቧራና በጭቃ ይደፈናል። ታዲያ ውሃው በየት ይግባ? የሚያስፈልገው የታጠበ ደቃቅ ጠጠር በመጋጠሚያው፣ ደቃቅ የሌለበት ጠጠር በመሠረቱ ነው። ወጪው ከፍ ይላል። ድንጋዩና ድንጋዩን መጥረብ የተማረው እጅ ግን በአገራችን ሞልቷል።

ሁሉም ቦታ ለዚህ አይሆንም። መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ሥሩን በፕላስቲክ ለብጦ፣ ውሃውን በጠባብ ቱቦ ቀስ በቀስ መልቀቅ ይገባል። ጎርፉ አይቀርም፤ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ቀላል ነገር አይደለም። በተዳፋት ላይ ደግሞ ውሃው በጠጠሩ ውስጥ ተንሸራቶ ከታች እንዳይፈነዳ በመካከል ግርዶሽ መሥራት ግድ ነው። ነዳጅ ማደያን ከነአካቴው ተዉት፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ለከተማይቱ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡ ናቸውና። በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያጠፋው የደቻቱ ጎርፍ ከደጋው የወረደ ነበር፤ እንዲህ ያለውን በንጣፍ እናቆማለን የሚል ቢኖር አትመኑት።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት የመኪና ማቆሚያ በዚህ አሠራር እንዲነጠፍ ነድፌ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነበር። ከማቆሚያው በላይ ባለው መደብ ላይ የተከመረውን የአትክልት አፈር ግን ልብ አላልሁትም። በመጀመሪያው ክረምት አፈሩ ታጥቦ መጋጠሚያውን ሁሉ ደፈነው። በነሐሴ ወር ሄጄ ብመለከት ውሃው በድንጋዩ ላይ እንደ አስፋልት ሲንሸራተት አገኘሁት። ከአጥሩ በታች የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ከበራቸው ላይ ጭቃ እየዛቁ፣ «ልጄ፣ ውሃ ያስቀራል ያላችሁት ድንጋይ ይኸ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

መጋጠሚያውን ጠርገን በታጠበ ጠጠር እንደገና ሞላነው፤ አፈሩንም በዝቅተኛ ግንብ ከለልነው። ከዚያ ወዲህ በምጽፈው ውል ሁሉ ስለ ጥገና አንድ ገጽ አስገባለሁ። በየዓመቱ ግንቦት ሁለት ሠራተኞች በመጋጠሚያው ያለውን ጠጠር ሁለት ጣት ያህል አውጥተው በአዲስ ይተካሉ። ከዚያም ሥሩ የተቆረጠ በርሜል በንጣፉ ላይ አቁመው ዙሪያውን በጭቃ ይመርጉና አንድ ጀሪካን ውሃ፣ 20 ሊትር፣ ያፈሱበታል። ውሃው ሰርጎ እስኪያልቅ የፈጀው ጊዜ በመዝገብ ይጻፋል። ካለፈው ዓመት እጅግ የዘገየ እንደሆነ ሰኔ ሳይገባ ንጣፉ በሙሉ ይጸዳል። በዚያ ግቢ የመጀመሪያውን ጀሪካን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ፤ ያቺም እናት በአጥሩ ሥር ቆመው ይመለከቱ ነበር።