በስልክ የሚያዝ የገንዘብ ሂሳብ ስለምን ቀላል ሊሆን ይገባዋል

ለገጠር ትምህርት ቤቶች የተሰናዳ ንግግር



የሰው ልጅ በድካሙ ያገኘውን ገንዘብ መጠበቅና መቁጠር ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሥራ ነው። ባላገር እናት ከገበያ ያገኘችውን ብር በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥራለች፤ ነጋዴ በከረጢቱ ያኖራል፤ የእቁብ ጸሐፊም የያንዳንዱን አባል ስም በደብተሩ ጽፎ የከፈለውን ካልከፈለው ለይቶ ያመለክታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር የተገለጠ ነው፤ ይኸውም ቋጠሮውን የቋጠረችው እናት ራስዋ ናትና የምትፈታውም ራስዋ ናት። የገንዘቡ ባለቤት የመሣሪያውም ባለቤት ነው።

ዛሬ ግን ገንዘብ ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር የተባለው የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ኤም ፔሳ የተባለውም በኢትዮጵያ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን አሰናድተዋል። ጥቅሙ ብዙ ነው። በከተማ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ የታመነ መንገደኛ እስኪያገኝ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ እናቲቱም ገንዘቡን በመንገድ ወንበዴ ይወስድብኛል ብላ አትፈራም። ዳሩ ግን የስልኩን ቋጠሮ መፍታት የማይችል ሰው የምሥጢር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ለመንገር ይገደዳል። ያን ጊዜ ገንዘቡ በስሙ ቢሆንም በእጁ አይደለም። ስለዚህ የሂሳብ መሣሪያ ቀላል መሆኑ ጌጥ አይደለም፤ የባለቤቱ ንብረት አጥር ነው። አጥሩ የፈረሰበት ቤት ምን እንደሚደርስበት ባላገር ሁሉ ያውቀዋል።

የቀላልነት ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ከጎረቤታችን ከኬንያ ታሪክ ይታወቃል። ኤም ፔሳ መጀመሪያ የተሠራው በዚያ አገር ነው። «ኤም» የተባለው ሞባይል የሚለው ቃል መነሻ ፊደል ነው፤ «ፔሳ» ደግሞ በስዋሂሊ ቋንቋ ገንዘብ ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005፥ በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ጥቂት ገንዘብ የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱበት ነበር። ተገልጋዮቹ ግን ከታሰበው ውጭ ሠሩበት፤ አንዱ ለሌላው ብድር ከፈለ፥ ራቅ ላለው ዘመዱም ገንዘብ ላከ። ያበዳሪው ማኅበር የሂሳብ መዝገብም ከአዲሱ አሠራር ጋራ ለመግጠም ተቸገረ። የመሣሪያው አሰናጆች በዚህ ጊዜ ሕዝቡ አልገባውም ብለው አልፈረዱበትም፤ የሠራውን ሥራ ተመልክተው ከርሱ ተማሩ እንጂ። በ1999 ዓ.ም. አገልግሎቱ ለሕዝብ ሁሉ ሲከፈት ውስብስቡን የብድር ነገር ትተው አንድ ነገር አስቀደሙ፤ ይኸውም ገንዘብን ወደ ቤተ ዘመድ መላክ ነው። መሣሪያውም ብዙ ዋጋ ከማያወጣ ተራ ስልክ ላይ የሚሠራ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ብዙ ነገር የሚሠራ መሣሪያ ከማሰናዳት አስቀድሞ ሰው በርግጥ የሚፈልገውን አንዱን ነገር አጥርቶ መሥራት እንደሚሻል ነው።

በዚያው በኬንያ ሌላ ችግር ታየ። ሰው ቁጥር ሲጽፍ አንዱን አሃዝ ይሳሳትና ገንዘቡ ወደማያውቀው ሰው ይሄድበታል። ስለዚህ ላኪው ከማጽናቱ በፊት የተቀባዩ ስም እንዲታየው ተደረገ፤ ይህም አሠራር «ሃኪኪሻ» ተባለ፥ ትርጓሜውም አረጋግጥ ማለት ነው። በኢትዮጵያም የእጅ ስልክ ቁጥር 10 አሃዝ ያለው ነው። ዐሥር አሃዝ መጻፍ ዐሥር ጊዜ የመሳሳት ዕድል ነው፤ የልጅ ስም ግን ከእናት ልብ አይጠፋም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በስልክ የፈሰሰ ገንዘብ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። እንግዲህ ስምን አስቀድሞ ማሳየት ትንሽ ነገር ቢመስልም የአንድ ቤተ ሰብ የወር ቀለብ ሊያድን ይችላል።

የአገራችን ፊደልም ለመሣሪያ አሰናጆች የራሱ ጥያቄ አለው። በስልክ የሚላክ አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ምክንያቱም ስልኩ ለያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚሰጥ ነው። እርግጥ አንዱ የግእዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ አድርጎ ስለሚይዝ ጉዳቱ በከፊል ይካሳል፤ ቢሆንም ረዥም ቃል የሚወድ ጸሐፊ በ70 ፊደል ሊያስረዳ አይችልም። ስለዚህ አሰናጁ «ክፍያዎ በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» ከማለት «ከፍለዋል» ማለትን ሊማር ይገባዋል። ደግሞም በተራ ስልክ የኮከብ ምልክትና ቁጥር መትተው በሚከፍቱት አገልግሎት ስልኩ የሚታገሠው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው መልሱን ሳይሰጥ በሩ ይዘጋበታል፤ ከመጀመሪያውም ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን አዛውንቱ ስንፍናው የራሳቸው ይመስላቸዋል፤ ጥፋቱ ግን በአንድ ገጽ ብዙ ቃል ያጨቀው የአሰናጁ ነው።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ የምትቆጥረው በ13 ወራት ነው፤ ሰዓቷንም ከጧት ጀምራ ትቆጥራለች። በሌላ አገር የተሠራ መሣሪያ ግን ቀኑንና ሰዓቱን በአውሮፓ ልማድ ያመለክታል። ለምሳሌ አንድ ተበዳሪ ብድሩን እስከ ጃንዩወሪ 10 ቀን እንዲከፍል ቢታዘዝና ተርጓሚው ሳይመረምር «ጥር 10» ብሎ ቢጽፈው፥ ተበዳሪው በታማኝነት ጥር 10 ቀን ገንዘቡን ይዞ ይቀርባል። ነገር ግን የአውሮፓ ጃንዩወሪ 10 ቀን የኛ ጥር መጀመሪያ ነውና ሰውየው 8 ወይም 9 ቀን ዘግይቷል፤ ያላጠፋውንም መቀጫ ይከፍላል። እንደዚሁም «7 ሰዓት» የሚለው ቃል ለአንዱ ጧት፥ ለሌላው ከቀትር በኋላ ነው። የቀን ስሕተት በሂሳብ ላይ የገንዘብ ስሕተት ነው።

እንግዲህ መልካም የሂሳብ መሣሪያ ለባለቤቱ ምን ሊያሳየው ይገባል ቢባል፥ ሦስት ነገር ይበቃል፤ እነርሱም የገባው፥ የወጣውና የቀረው ናቸው። ለምሳሌ አንድ ገበሬ እህል ሸጦ 3,000 ብር አገኘ እንበል። ከዚህ ላይ ለዘር 1,200፥ ለዘይትና ለጨው 450፥ ለልጁ ደብተርና ልብስ 350፥ ለእቁብ 200 ብር አወጣ። የወጣው በጠቅላላው 2,200 ብር ነው፤ የቀረውም 800 ብር ነው። መሣሪያው ይህን በአንድ ገጽ፥ በጎላ ቁጥር ቢያሳየው ገበሬው ሁኔታውን በአንድ እይታ ያውቃል። ማንበብ ለማይችል ሰውም 800 ብርን በአራት ባለ 200 ብር ኖቶች ሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ የብሩን መልክ ያውቃልና።

ደግሞም የደመወዝተኛ ኑሮና የገበሬ ኑሮ አንድ አይደለም። ደመወዝተኛ በየወሩ ይቀበላል፤ ስለዚህ ለርሱ የተሰናዳ መሣሪያ ገቢውንና ወጪውን በወር ይለካል። ገበሬ ግን አዝመራው በሚሰበሰብበት ወራት ያገኛል፥ በክረምትም ይቸገራል። በወር የሚለካ መሣሪያ ገበሬውን በጥር ሀብታም፥ በሐምሌ ኪሣራ የደረሰበት ሰው አድርጎ ያሳየዋል፤ ሁለቱም ሐሰት ነው። ለርሱ የሚስማማው መሣሪያ ካንዱ አዝመራ እስከ ቀጣዩ አዝመራ ያለውን ዘመን እንደ አንድ ዙር ቆጥሮ፥ የቀረው ገንዘብ ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ የሚነግረው ነው። 800 ብር ቀርቶ ለሳምንት 100 ብር የሚያስፈልግ ከሆነ፥ መሣሪያው «ለ8 ሳምንት ይበቃል» ቢል ከብዙ ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ይልቅ ይጠቅማል።

ይህን ለመማር አሰናጁ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ እቁብ ይበቃዋል። 12 ሰዎች በየሳምንቱ 200 ብር ቢጥሉ፥ በየሳምንቱ ዕጣ የወጣለት አንዱ አባል 2,400 ብር ይወስዳል፤ በ12 ሳምንትም ለሁሉ ይደርሳል። አባሉ ሊያውቅ የሚሻው ጥቂት ነው፤ ማን ከፈለ፥ ለማን ወጣ፥ ስንት ዙር ቀረ። የእቁብ ደብተር ይህን ብቻ ስለሚይዝ ሁሉም ያምነዋል፤ የተጠራጠረም ሰው በሰው ፊት ያስነብበዋል። የስልኩም መዝገብ እንደዚሁ በግልጽ የሚነበብ ሊሆን ይገባዋል። ለአገልግሎቱ የሚቆረጠውም ሒሳብ ከመላኩ በፊት ይታይ እንጂ ከተላከ በኋላ አይገለጥ። ስሕተትም በደረሰ ጊዜ በምልክትና በቁጥር ብቻ «ስሕተት 17» ማለት ሰውን ማስደንገጥ ነው፤ «የጻፉት ቁጥር አንድ አሃዝ ይጎድለዋል፤ እንደ ገና ይጻፉ» ማለት ግን ማስተማር ነው።

መሣሪያው ቀላል መሆኑ የሚፈተነው በአሰናጁ አስተያየት አይደለም፤ ለሠራው ሰው ሁሉም ቀላል ነውና። ፈተናው እንዲህ ነው። ስልኩን ለአንዲት እናት ሰጥቶ «ለልጅዎ 50 ብር ይላኩ» ማለት፤ ከዚያም በአጠገብዋ ተቀምጦ ዝም ማለት ነው። ጣትዋ የቆመበት ስፍራ ሁሉ የመሣሪያው ጉድለት ነው። አሰናጁ እጁን ዘርግቶ ቢያሳያት እርስዋን ረዳት፥ መሣሪያውን ግን ሳያርመው ቀረ። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት የሚወድ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን አምስት ወይም ስድስት ሰዎችን በዚህ መንገድ የተመለከተ ሰው በጽሕፈት ቤቱ ዓመት ሙሉ ቢያስብ የማያገኘውን ያገኛል።

መሣሪያው እስኪስተካከል ድረስ ግን የባላገሩ ረዳት የተማረ ልጁ ነው። በብዙ ቤት አባትና እናት ስልካቸውን ለተማሪው ሰጥተው አንብብልን፥ ላክልን ይላሉ። ይህ ለልጁ ክብር ነው፤ ፈተናም ነው። ለወላጁ የሚያነብ ተማሪ ያለውን ሁሉ ሳይቀንስና ሳይጨምር ያንብብ፤ የሚቆረጠውንም ይንገር። የምሥጢር ቁጥሩ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ስልኩን ለወላጁ መልሶ ፊቱን ያዙር። ወላጁ አራቱን ወይም ስድስቱን አሃዝ በራሱ እጅ መጻፍ ካልቻለ፥ ልጁ አሃዞቹን በመሬት ላይ እየጻፈ ያስተምረው እንጂ ቁጥሩን ተቀብሎ አይጻፍለት። ይህን ያደረገ ተማሪ ለወላጁ ገንዘብ ከመላክ የበለጠ ነገር አድርጎለታል፤ የገንዘቡን ቁልፍ መልሶለታልና።

ከዚህ ትምህርት ቤት ልጆች አንዱ ወይም አንዲቱ ነገ የስልክ መሣሪያ አሰናጅ ይሆኑ ይሆናል። ያን ጊዜ በታላቅ ከተማ ተቀምጠው ብዙ ገጽና ብዙ ቁልፍ ያለው ነገር ለመሥራት ልባቸው ሲነሣ፥ በመቀነት ጫፍ የተቋጠረውን ብር ያስቡ። ያ ቋጠሮ ማንም ያላስተማረው፥ መብራት የማያሻው፥ በጨለማም የሚፈታ ነው፤ ባለቤቱም ከሌላ ሰው እጅ ሳትጠብቅ ትከፍተዋለች። የስልኩም መዝገብ እንደዚያ ሆኖ ሲሠራ፥ ያን ጊዜ በርግጥ የሕዝብ መሣሪያ ይባላል።