የጥልፍ ክር አቆራረጥ

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ክር ነው። ክር ስለ መግዛት አይደለም። ክር ስለ መቁረጥ ነው። በስፌት መኪና ስንጠልፍ የሚተርፈውን ክር እንዴት እንቁረጥ? «ይኼ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? መቀስ የያዘ ሁሉ ይቆርጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የምለው። ያረመኝ አንድ ቀሚስ ነው። እስቲ ልንገራችሁ።

በአዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለ። በሸማ ሥራ የታወቀ ሰፈር ነው። እኔም ጥልፍ የተማርኩት እዚያ ነው። መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነበር።

አንድ ዓመት ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የአንዲት እናትን ቀሚስ እየጨረስኩ ነበር። ጥልፉ አልቋል። የቀረው ክር መቁረጥ ብቻ ነው። ከአበባ ወደ አበባ የተጋደመው ክር ብዛቱ ምን ልበላችሁ! ቸኮልኩ። ትልቁን የጨርቅ መቀስ አነሣሁ። ክሩን በግራ እጄ ወደ ላይ ሳብኩት። ጨርቁም አብሮት ተነሣ። አላየሁትም። ቆረጥኩ። ክሩም ተቆረጠ፤ ጨርቁም ተቆረጠ።

ቀዳዳው ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። ግን ሸማ ማለት ድርና ማግ ነው። አንዱ ሲበጠስ ጎረቤቱ ይላላል። ሲታጠብ ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? እኔ ግን ለጥምቀት የታሰበውን ቀሚስ በገዛ እጄ ቀደድኩት።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ አልተቆጡኝም። የሸማ ቁራጭ ከቀዳዳው ሥር አስደረቡኝ። በላዩ ላይ ቅጠል አስጠለፉኝ። ሁለቱ ጎኖች እንዲመሳሰሉ በወዲያኛውም ጎን ሌላ ቅጠል አስጠለፉኝ። «ነገ ግን ለባለ ቀሚሷ አንተው ትነግራለህ» አሉኝ።

በማግስቱ ነገርኳቸው። እኒያ እናት ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ብትደብቀኝ ኖሮ ሲታጠብ ውሃው ይነግረኝ ነበር» አሉኝ። ቀሚሱን ወሰዱት። እኔም የጥልፉን ዋጋ ግማሹን ብቻ ተቀበልኩ።

ታዲያ የጥልፍ ክር እንዴት ይቆረጣል? አራት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛው መቆለፍ ነው። ስትጀምሩም ስትጨርሱም በአንድ ቦታ ላይ 3 ወይም 4 ጥቃቅን ስፌት ስፉ። ይህ ክሩን ይቆልፈዋል። ያልተቆለፈ ክር፣ አቆራረጡ ቢያምርም፣ ሲታጠብ ይፈታል። በተለይ የሚያብረቀርቀው ለስላሳ ክር ቶሎ ይንሸራተታል። ስትጀምሩ የታችኛውን ክር በመርፌው ወደ ላይ አውጡት። የላዩንና የታቹን ጫፍ አንድ ላይ ይዛችሁ ቆልፉ። ከዚያ ጫፎቹን ቁረጡ። እንዲህ ካላደረጋችሁ ክሩ በጨርቁ ሥር ይተበተባል።

ሁለተኛው ማንሣት ነው። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስንሻገር ክር በጨርቁ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። «ተሻጋሪ ክር» እንበለው። ተሻጋሪው ክር ሌላ ስፌት ሳይረግጠው ይቆረጥ። ከተረገጠ በኋላ ማውጣቱ ጭንቅ ነው። ቀይ ክር በነጭ ጥልፍ ሥር ሲታይ አያምርም። ስለዚህ ከተሻገራችሁ በኋላ እዚያው ቆልፉና መኪናውን አቁሙ። መርፌውን ከፍ አድርጉ። እግራችሁን ከመርገጫው ላይ አንሡ። ከዚያ ክሩን በእጅ መርፌ ጫፍ ከጨርቁ ለዩት። ሳቡት አላልኩም፤ ለዩት ነው ያልኩት። ክር ሲሳብ ጨርቁ ይሰበሰባል።

ሦስተኛው መቁረጥ ነው። ትንሽና ስለታም መቀስ ያዙ። ጫፉ ወደ ላይ ቆልመም ያለ ቢሆን ይመረጣል። መቀሱን በጨርቁ ላይ አጋድሙት እንጂ አታቁሙት። ሁለቱም የመቀሱ ጫፎች ካልታዩአችሁ አትቁረጡ። ጨርቁ በክቡ መወጠሪያ ላይ እንዳለ ብትቆርጡ ይሻላል፤ የተወጠረ ጨርቅ ከክሩ ጋር አይነሣም። ከላይ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክር አስቀሩ። ከውስጥ በኩል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅር። ከስፌቱ ሥር ድረስ ገብቶ መቁረጥ ንጹሕ ይመስላል እንጂ መቆለፊያውን ሊበጥሰው ይችላል።

አራተኛው መገልበጥ ነው። ልብሱን ገልብጡና ውስጡን እዩ። ገላን የሚነካው ውስጡ ነው። ረጅም ክር ከቀረ ልብሱ ሲለበስ ጣት ይይዘዋል፤ ቀለበት ይይዘዋል። ያን ጊዜ ጥልፉ ይሳባል። አንዳንድ ሰው ደግሞ የክሩን ጫፍ በክብሪት ይለበልባል። ይህ ይቅር። ሰው ሠራሽ ክር ሲቀልጥ ጠጣር ፍሬ ሆኖ ገላ ይቧጭራል። የጥጥ ጨርቁም ሊቃጠል ይችላል።

ዛሬ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ፣ ክሩን ራሱ የሚቆርጥ የጥልፍ መኪና አለ። እሱም ቢሆን ጫፍ ይተዋል። ገልብጦ ማየት አሁንም የሰው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀሚሱን የቀደድኩት ከዚያ በፊት ነበር። መጻፍ ስችል፣ ማንም ሳያዘኝ መጀመሪያ የጻፍኩት አራት ቃል ነው። በካርቶን ላይ ጽፌ ከመኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ስቸኩል ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። እጄም ቀስ ይላል። ቃላቱ እነዚህ ናቸው፦

ቆልፍ።
አንሣ።
ቁረጥ።
ገልብጥ።

እናንተም ዛሬ ማታ በደብተራችሁ ጻፏቸው። ጥልፍ የማትጠልፉ ብትሆኑ፣ ለሚጠልፍ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።

ደህና ሁኑ።